የአሮጌ የጭነት መኪና ፓራፋንጎ መጋጠሚያና የመድፈኛ አመራረጥ፤ ከቆቦና ከራያ ቆላ የአየር ጠባይ አንጻር



በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ላይ ከሚካሄዱት የጥገና ሥራዎች መካከል እንደ ተራ ነገር ከሚታዩት አንዱ የፓራፋንጎ መጋጠሚያዎችን መድፈን ነው። ሞተር ሲወርድ አዋቂ ይጠራል፤ ካምቢዮ ሲሰበር መለዋወጫው እስከ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ይፈለጋል፤ የፓራፋንጎው መጋጠሚያ ሲከፈት ግን በዕለቱ እጅ ላይ የተገኘው ነገር ተለጥፎበት መኪናው ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ ሞተሩ ገና ብዙ ሊያገለግል ሲችል ላሜራው ተበልቶ ከመንገድ የሚወጣው መኪና ጥቂት አይደለም። የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ነጥብ ማስረዳት ነው። ይኸውም መድፈኛ የሚመረጠው በጥንካሬው ወይም በዋጋው ብቻ ሳይሆን መጋጠሚያው በሚሠራው ሥራ መሆኑን፣ ያለ ቦታው የገባ መድፈኛም ጭራሽ ካልተደፈነ መጋጠሚያ ይልቅ ላሜራውን ቶሎ ሊያበሰብስ የሚችል መሆኑን ነው።

ለዚህ ነጥብ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቆቦና የራያ ቆላ ነው። የቆቦ ከተማ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ በሜዳ ተቀምጣለች። በስተ ምዕራብ የወሎ ደጋ ገደል፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ያጥሯታል። ዝናቡ በበልግና በክረምት የሚከፈል ሲሆን፣ ከዓመቱ የሚበዛው ጊዜ ደረቅና አቧራማ ነው። ዝናብ በሚሆንበት ጊዜ ግን ውኃው ከደጋው ተንደርድሮ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ደለሉንም በሜዳው ላይ ይዘረጋል። ገበሬው ይህንኑ ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ሲያጠጣበት ኖሯል። የጭነት መኪናውም በዚሁ ደለል ውስጥ እየተመላለሰ ማሽላውን፣ በመስኖ የሚመረተውን ሽንኩርትና ቲማቲም፣ አሸዋና ድንጋዩን ሳይቀር ያጓጉዛል።

ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ቆቦን በማቋረጥ ወደ አላማጣ፣ ወደ ኮረምና ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ለመኪና የተዘረጋ ነው። በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ጊዜ ወደ ኮረም መጠለያ የሚሄደው እህል የተጓዘበትም ይኸው መንገድ ነው። የመኪና ሠራተኛው ቋንቋም ከመንገዱ ጋር የመጣ ነው። ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ስቱኮ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ተወስደው ዛሬ ማንም የጋራዥ ልጅ እንደ እናት ቋንቋው የሚናገራቸው ሆነዋል።

በአገራችን መንገዶች ለብዙ ዘመን ካገለገሉት የጭነት መኪናዎች ሦስቱን ለአብነት መጥቀስ ይበቃል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት የጀመረው ፊያት 682 ነው፤ ሹፌሮች ኤንትሬ እያሉ የሚጠሩት ከዚሁ ወገን የሆነውን ነው። ጋቢናው ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ በመሆኑ ፓራፋንጎው ከጋቢናው አካል ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የወጣው አጭር ኮፋኖ ያለው መርቼዲስ ነው። ሦስተኛው ከሶቪየት ኅብረት ለጦር ሠራዊቱ የመጣው ኡራል 375 ነው። በኋለኞቹ ሁለቱ ላይ ፓራፋንጎው ራሱን የቻለ አካል ሆኖ በቡሎን ይታሰራል። ይህ ልዩነት ተራ የቅርጽ ልዩነት አይደለም፤ መድፈኛውን የሚወስነው እርሱ ነው።

እንግዲህ ስለ መድፈኛው ከመናገር በፊት መጋጠሚያውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ፓራፋንጎ ላይ ሦስት ዓይነት መጋጠሚያ ይገኛል። አንደኛው ሁለት ላሜራዎች ተደራርበው በሳልዳቱራ የተያያዙበት ነው፤ ይህ መጋጠሚያ እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ዳግመኛም አይከፈትም። ሁለተኛው ፓራፋንጎው ከጋቢናው ወይም ከራዲያተሩ ፊት ጋር በቡሎን የሚገናኝበት ነው፤ ይህ ይንቀሳቀሳል፣ ለጥገናም መከፈት አለበት። ሦስተኛው የላሜራው ጠርዝ በራሱ ላይ የታጠፈበትና ከታች ውኃ የሚወጣበት እጥፋት ነው፤ ይህ ደግሞ ከቶውኑ መዘጋት የለበትም። ብዙው ጥፋት የሚደርሰው ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ሲቀባ ነው።

መጋጠሚያው በሁለት ምክንያት ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ብረት በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት በያንዳንዱ ሜትር 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ላሜራ ሌሊት 15 ዲግሪ ሆኖ አድሮ በቆላ ፀሐይ 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ 1 ሜትር የሆነው ጠርዙ 0.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በጥላ ያለው ጎረቤቱ በዚሁ ጊዜ ግማሹን ያህል ብቻ ቢሞቅ፣ በሁለቱ መካከል የ0.3 ሚሊ ሜትር መንሸራተት ይቀራል። በመካከላቸው ያለው የመድፈኛ ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ መንሸራተቱ ከውፍረቱ 60 በመቶ ነው፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 10 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መድፈኛን እስኪሳሳ ጨምቆ ማሰር ጥንካሬ መስሎ ቢታይም ፍሬው መበጣጠስ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሻንሲው መጠማዘዝ ነው። መኪናው ተጭኖ ወንዝ ሲሻገር፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባና ሌላው ድንጋይ ሲወጣ፣ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ፓራፋንጎውና ጋቢናውም እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ይህ እንቅስቃሴ ከሙቀቱ ይበልጣል፤ በየኪሎ ሜትሩም ይደጋገማል።

ውኃ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በቆቦ ፀሐይ በአንድ ቀን ይደርቅ ነበር። ክፉው ነገር ውኃን ይዞ የሚቆየው ደለል ነው። ደቃቁ አፈር በመጋጠሚያው ስንጥቅ ገብቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይቀመጣል፤ ከውጭ ሲታይ ላሜራው ደርቋል፣ በውስጥ ግን ለቀናት እንደ ረጠበ ይሰነብታል። አየር በማይደርስበት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ብረቱ ከውጩ ይልቅ በፍጥነት ይበላል። ዝገቱ ከተበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ የሚይዝ በመሆኑም እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሁለቱን ላሜራዎች ይለያያል፤ ለሚቀጥለውም ደለል ሰፊ በር ይከፍታል።

አሁን መድፈኛዎቹን አንድ በአንድ መመልከት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ በጋራዦች የሚዘወተረው የፖሊስተር ስቱኮ ነው። ቶሎ ይጠጥራል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ቀለም ይቀበላል። የተፈጠረው ግን የጎደጎደ ላሜራን ለመሙላት እንጂ መጋጠሚያ ለመድፈን አይደለም። ከጠጠረ በኋላ እምብዛም ስለማይለጠጥ በመጀመሪያው የወንዝ መሻገሪያ ላይ ይሰነጠቃል። በውስጡ ያለው ዱቄት እርጥበት የሚስብ በመሆኑም በስንጥቁ የገባው ውኃ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። በዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ለጥቂት ወራት ዓይንን ያታልላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ስቱኮው ወድቆ ዝገቱ ሲገለጥ የሚጠገን ላሜራ ሳይቀር ይቀራል።

ሁለተኛው ሬንጅ ነው። ርካሽ ነው፣ ውኃ አያሳልፍም፣ በብርድ አገርም ብዙ ዘመን አገልግሏል። ነገር ግን 80/100 በሚባለው ደረጃ የሚታወቀው የመንገድ ሬንጅ የሚለሰልሰው ከ45 እስከ 52 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከፍ ብሎ የተጠቀሰው ላሜራ 65 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ፣ ሬንጁ ከላይኛው መጋጠሚያ ቀልጦ መውረዱ፣ ወርዶም የታችኛውን የውኃ መውጫ መድፈኑ ግልጽ ነው። ይህም መከፈት ያለበትን ዘግቶ መዘጋት ያለበትን መክፈት ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ናፍጣ ያሟሟዋል።

ሦስተኛው በቤት መስኮትና በመታጠቢያ ቤት የሚታወቀው ሲሊኮን ነው። ሙቀትንና ፀሐይን በመቋቋም የሚተካከለው ጥቂት ነው፤ በሚገባም ይለጠጣል። ሆኖም የኮምጣጤ ሽታ ያለው ዓይነት ሲጠጥር አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ ያልተቀባ ብረትን ያዝጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ቀለም የማይይዝ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ሲሊኮን የነካው ላሜራ በሚገባ ካልጸዳ በቀር ቀለሙ እየሸሸ ዓይን ዓይን ያወጣል። በሚቀባ መኪና አካል ላይ ስለዚህ ቦታ የለውም።

አራተኛው ለመኪና አካል ተብሎ የተሠራው የፖሊዩሬቴን መድፈኛ ነው። በተቀባ ብረት ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ቀለምም ይቀበላል። ለመጀመሪያው ዓይነት፣ በሳልዳቱራ ለተያያዘው ተደራራቢ መጋጠሚያ የሚመረጠው ይህ ነው። ሦስት ነገሮች ግን መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ የፀሐይ ብርሃን ስለሚጎዳው በቀለም መሸፈን ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የሚጠጥረው ከአየር በሚወስደው እርጥበት ነው፤ በ23 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ የአየር እርጥበት በቀን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይጠጥራል። በቆቦ የበጋ ደረቅ አየር ይህ ይዘገያል። በመሆኑም አንዱን ወፍራም ድርብ ሁለት ስስ ድርብ ማድረግ፣ ሥራውንም በማለዳ በጥላ ማከናወን፣ የጋራዡን ወለል ውኃ መርጨት ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ቱቦው የተወሰነ ዕድሜ አለው፤ በሞቃት ሱቅ ውስጥ ከተቀመጠ ቀኑ ሳይደርስ ይደርቃል። ሲገዛ ቱቦውን በጣት ተጭኖ መመርመርና የተጻፈበትን ቀን ማንበብ ያስፈልጋል። ያልጠጠረው ፖሊዩሬቴን አይሶሳይኔት የተባለ ለሳንባና ለቆዳ ጎጂ ነገር ስላለበትም ጓንት ማድረግና አየር በሚንሸራሸርበት ስፍራ መሥራት ግዴታ ነው።

አምስተኛው ሁለት ንጥረ ነገሮች ተደባልቀው የሚጠጥሩት ኢፖክሲ ነው። እርጥበት አይፈልግም፣ ናፍጣ አይነካውም፣ ብረትን አጥብቆ ይይዛል። ጠንካራ በመሆኑ ግን የሚስማማው ለማይንቀሳቀስ መጋጠሚያ ብቻ ነው። በሌላው ዓለም ከመድፈኛዎቹ በፊት የላሜራ መጋጠሚያ በቀለጠ እርሳስ ይሞላ ነበር። እርሳስ መርዝ በመሆኑ ዛሬ በጋራዥ ሊመከር አይገባም።

ስድስተኛው ቡቲል የተባለው ላስቲክ ነው። ይህ ላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ በስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ሲሆን፣ አየርንና ውኃን በማገድ ችሎታው ምክንያት የጎማ ካላማዳሪያ መሥሪያ ሆኗል። በጥቅል የሚሸጠው የቡቲል መድፈኛ ከቶ አይጠጥርም፤ ሁልጊዜ ለስላሳና ተጣባቂ ሆኖ ስለሚኖር በቡሎን በሚታሰሩ ሁለት ላሜራዎች መካከል ሲገባ እንቅስቃሴውን ይከተላል፣ ሲፈለግም ይነቀላል። ድክመቱ ዘይትና ናፍጣ የሚያሳብጠው መሆኑና በግልጥ ከተተወ አቧራ የሚለብስ መሆኑ ነው። ስለዚህ በመካከል ተሸሽጎ እንጂ በላይ ተቀብቶ አይሠራም።

እዚህ ላይ የጥንቱን የፋብሪካ አሠራር ማስታወስ ይገባል። በቡሎን የሚታሰር ፓራፋንጎ በነበራቸው ብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ክር ይገባ ነበር። ይህ ጓርኒሲዮን ሙጫ አይደለም፤ ብረት ብረትን እንዳይፍቅ የሚያደርግ፣ አቧራ የሚያግድ፣ ድምፅም የሚቀንስ ትራስ ነው። ቆቦ ላይ ይህን ጓርኒሲዮን ፈልጎ ማግኘት ባይቻል፣ ከተጣለ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ መሥራት ይቻላል፤ የሚበዛው ካላማዳሪያ ቡቲል ነውና። 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅዳጅ ተቆርጦ በውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የናይለን ገመድ ላይ ይታጠፋል። የቡሎኑ ቀዳዳ በሚደርስበት ስፍራ ቅዳጁ እስከ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ይህም ቡሎኖቹን ማላላት ብቻ እንጂ መፍታት ሳያስፈልግ ለማስገባት ያስችላል። ገመዱ የሚጠቀለለው ዘይት በማይነካው በላይኛው በኩል ነው።

ሦስተኛው ዓይነት መጋጠሚያ፣ የታችኛው እጥፋት፣ ከመድፈኛ ነፃ መሆን አለበት። ደለሉ ተፍቆ ይወጣል፤ የውኃ መውጫው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይከፈታል፤ እጥፋቱም በሰም ይቀባል። በወሎ በቀላሉ የሚገኘው የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው በውስጠኛው እጥፋት ላይ ብቻ ይሠራል፤ በየዓመቱም ከክረምት በፊት መታደስ አለበት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም፣ አቧራን ይሰበስባል፣ የቡቲሉንም ጓርኒሲዮን ያበላሻል።

የትኛውም መድፈኛ ቢመረጥ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። በመጀመሪያ ሳልዳቱራው ይጠናቀቃል፤ በመድፈኛ ላይ ሳልዳቱራ ማድረግ መድፈኛውን ያቃጥላል፣ መርዛም ጢስም ያስነሣል። ከዚያ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ይነሣል፣ ቅባቱ ይታጠባል፣ ፀረ ዝገቱ ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ ይደፈናል፣ በመጨረሻም የላዩ ቀለም ይቀባል። በባዶ ብረት ላይ የተደረገ መድፈኛ የሚይዘው ዝገቱ ከሥሩ እስኪያነሣው ድረስ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን ባለመኪናው የሚመጣው በሥራ መካከል ነው። ለምሳሌ ሽንኩርት ወደ ደሴ የሚያመላልስ፣ የቤተሰቡ መተዳደሪያ የሆነ አንድ አሮጌ መርቼዲስ፣ ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋራዥ ገባ ቢባል፣ ባለቤቱ ለላሜራ ሠራተኛው የሚለው የታወቀ ነው፤ «ወንድም ዓለም፣ ይህን ክረምት ብቻ ይለፍልኝ፤ ከዚያ በኋላ በደንብ እናሠራዋለን።» መኪናው አንድ ቀን ከቆመ የአንድ ቀን እንጀራ ይቀራል፤ ሽንኩርቱም አይጠብቅም። ሠራተኛውም አዝኖለት ስቱኮውን ይለጥፋል። ሁለቱም በቅን ልቡና የሠሩት ሥራ በዓመቱ የፓራፋንጎውን መያዣ፣ ቀጥሎም የጋቢናውን ወለል ጠርዝ ያስበላል። መያዣው ሲበላ የፊት መብራቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጭቃና ጠጠር ወደ ሞተሩ ይዘልቃል፤ በሌሊት የሚነዳው ሹፌር መንገዱን በሚወዛወዝ ብርሃን ይመለከታል። ያ ዘመን ያፈራውን ፓራፋንጎ አዲስ ማግኘት ስለሚከብድም ቤተሰቡ ከመኪናው ጋር የሚያጣው ብዙ ነው።

መሐንዲሱ እንዲህ ላለው ሰው «መኪናህን አንድ ሳምንት አቁም» ብሎ ቢመልስ ምክሩ አይሰማም። የሚሰማው ምክር ሥራውን የሚከፋፍል ነው። ያለው ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ደለሉን አውጥቶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብቶ መጋጠሚያውን ክፍት መተው በዝገት ላይ ከመድፈን ይሻላል፤ ክፍት መጋጠሚያ ይታጠባል፣ ይደርቃልና። ሁለት ቀን ከተገኘ በቡሎን የሚታሰረው መጋጠሚያ የካላማዳሪያ ጓርኒሲዮኑን ያገኛል። የፖሊዩሬቴኑ ሥራ ግን መጠጠሪያና የቀለም መድረቂያ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ጭነት ወደሚቀንስበት ጊዜ ይተላለፋል።

መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳልዳቱራ ዘግቶ ችግሩን ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ መገላገል ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ሐሳባቸው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ የተዘጋ መጋጠሚያ ደለል አይገባበትም። ነገር ግን በቡሎን የታሰረው መጋጠሚያ የተሠራው እንዲንቀሳቀስ ነው። እንቅስቃሴው በሳልዳቱራ ሲታገድ ኃይሉ ወደ ጎረቤት ላሜራ ይሸጋገራል፤ ስንጥቁም ቀድሞ ባልነበረበት ስፍራ ይወጣል። ከዚህም በላይ ፓራፋንጎው አንድ ጊዜ ከተበየደ ወደፊት የሚጠግነው ሰው በመጋዝ ካልቆረጠ በቀር ሊያነሣው አይችልም። ለአሮጌ መኪና ጥገና ሁሉ መመዘኛ የሚሆነው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ የዛሬውን ሥራ ሳያበላሽ ሊፈታው ይችላልን?

ይህን ሁሉ ለማረጋገጥ ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ጋራዥ ሁለት የላሜራ ቁራጮችን ደራርቦ፣ አንዱን ጥንድ በስቱኮ፣ ሌላውን በፖሊዩሬቴን፣ ሦስተኛውን በካላማዳሪያ አጋጥሞ ከጣሪያው ላይ ቢሰቅላቸው፣ በየሳምንቱ ጭቃ ውኃ እያፈሰሰ ከበልግ እስከ ክረምት ቢያቆያቸው፣ ከዚያም ከፍቶ ቢመለከታቸው፣ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ይማራል። በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ መስመር የሚሠሩ የማኅበሩ አባላት ይህን ሙከራ ከላሜራ ሠራተኞች ጋር ሆነው ቢያካሂዱ፣ ውጤቱም ጋራዡ በሚናገረው ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቢሰራጭ ወጪው ከጥቂት የላሜራ ቁራጭ አይበልጥም። እስከዚያው ድረስ የትኛውም መጋጠሚያ ሲደፈን የተሠራበት ቀንና የመድፈኛው ስም በፓራፋንጎው ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ይጻፍ፤ ቀጣዩ ሠራተኛ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ጽሑፍ ነው።